ምርጫ ቦርድ ይሻሻል ሲባል ከላይ ነው ወይስ ከወረዳ?

ከታቦር ግርጌ (ርእሱን የከፈተ)

ስለ ምርጫ ቦርድ መሻሻል በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ላይ ጀምሮ ላይ ያልቃል፤ ሰብሳቢው ማን ይሁን፣ አባላቱን ማን ይጠቁም፣ ማን ይሹም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ላይኛው ክፍል ቢያንስ በወረቀት ተነክቷል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1133 ቦርዱ እንደገና ሲቋቋም ዘጠኝ የነበሩት አባላት አምስት ሆኑ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ይሰበሰቡ የነበሩት ሙሉ ጊዜያቸውን እንዲሠሩ ተደረገ፤ የሥራ ዘመናቸው ስድስት ዓመት ሆነ፤ ዕጩ የሚመለምል ኮሚቴም ተበጀ። የምርጫና የፓርቲዎች ምዝገባ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1162፣ በዚያው ዓመት ተከተለ።

ታች ግን ያው ነው። በምርጫ አስፈጻሚነት የሠራሁ ሰው ነኝ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፤ ስም መጥራቱ ለማንም አይጠቅምም። ሣጥኑን፣ ቅጹንና ማኅተሙን የጫነችው መኪና የወረዳው አስተዳደር ንብረት ነበረች። ሹፌሩ የወረዳው ሠራተኛ፣ ነዳጁም የወረዳው ነው። ጽሕፈት ቤት ተብሎ የተሰጠን ክፍል ከአስተዳዳሪው ቢሮ ጋር ግድግዳ ይጋራል። የበሩ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው ጽዳት ሠራተኛዋ ዘንድ ነው፤ እርሷም ደመወዟን የምትቀበለው ከወረዳው ነው። ቅሬታ ይዞ የሚመጣ የተቃዋሚ ፓርቲ ወኪል እኛ ዘንድ ለመድረስ የግድ በአስተዳዳሪው ደጃፍ ማለፍ ነበረበት። ማንም ማንንም አላስፈራራም፤ ማስፈራራት አያስፈልግም ነበር።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከ2013 ምርጫ በፊት ቦርዱ ራሱ አንዳንድ ክልሎች የምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤቶችንና ተሽከርካሪዎችን በጊዜ አላቀረቡም ብሎ በአደባባይ አቤቱታ አሰምቷል። እስቲ አስቡት፤ ከማንኛውም ተፅዕኖ ነፃ ነው የተባለ ተቋም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ክፍልና መኪና የሚለምነው ከተወዳዳሪው ፓርቲ ሹማምንት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ አንድ ነው። ማሻሻያው ቦርዱ ከክልል በታች የራሱ ቋሚ እግር እንዲኖረው ያድርግ። በየምርጫ ክልሉ ይሁን አላልኩም፤ 547 ቢሮ ከፍቶ አምስት ዓመት ሙሉ ሠራተኛ ሻይ እንዲጠጣበት አይደለም። ጥቂት የምርጫ ክልሎችን የሚያስተባብር፣ በራሱ ውል የተከራየው ቤት፣ የራሱ መኪና፣ የራሱ ደመወዝተኛ ያለው ቢሮ ይሁን። ምርጫ በሌለበት ጊዜም የመራጮች መዝገብ ያስተካክላል፣ የፓርቲዎችን የአካባቢ ጽሕፈት ቤቶች ይከታተላል፣ ትምህርት ቤት ዞሮ ያስተምራል። የምትቃወሙ ካላችሁ ልስማ።


አሞራ ገደል

እቃወማለሁ። ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ሐዋሳ ውስጥ ዋና መንገድ ላይ አንድ ደህና ቢሮ የሚከራይበትን ዋጋ ታውቃለህ። ያውም አገር ሁሉ! የምርጫ ዓመት ሲመጣ ደግሞ አከራዩ አንድ ያስባል፤ መንግሥት ነው፣ ይከፍላል ይላል። እኔ የምለው ያለው የክልል ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ይጠናከር ነው። አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ አበል፤ የእኛ አገር ማሻሻያ ሁሉ መጨረሻው ግዥ ነው።


ጡረተኛው መምህር

ልጄ ከታቦር ግርጌ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ታችኛው እውነት ብለሃል። ነገር ግን ላይኛውን በወረቀት ተነክቷል ብለህ ማለፍህ አልተዋጠልኝም። እኔ የ1997ቱን በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያን ጊዜ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ ነበሩ። እኚሁ ሰው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበሩ። ስለ ሰውዬው ክፉ አልናገርም፤ ስለ አደረጃጀቱ ነው የምናገረው። ቦርዱ በደለኝ የሚል ወገን ይግባኝ ብሎ ቢሄድ የቤቱ አለቃ ማን ሊሆን ነው? ከግንቦት 7 በኋላ የቀረበውን ያን ሁሉ አቤቱታ፣ በ31 የምርጫ ክልሎች የተደረገውን ድጋሚ ምርጫ፣ ከዚያም በኋላ የሆነውን ሁሉ እናንተ ልጆች በወሬ ነው የምታውቁት። ሕዝቡ ለውጤቱ ጀርባውን የሰጠው ወረዳው መኪና ስላዋሰ አልነበረም። ላይ የተቀመጠውን ዳኛ ስላላመነ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 102 ዛሬም አልተነካም። የቦርዱን አባላት የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚያቀርባቸው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ማለት ደግሞ በዚያው ምርጫ የሚወዳደር ፓርቲ መሪ ማለት ነው። መልማይ ኮሚቴው መልካም ነው፤ ኮሚቴውን የሚያቋቁመውስ?


የሕግ ሰው

መምህር እንደምን ዋሉ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን ሁለቱ ሐሳቦች እኩል ቅርብ አይደሉም።

አንቀጽ 102ን ለመለወጥ አንቀጽ 105 የደነገገው መንገድ አለ። ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው፤ በዚያ ላይ ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በድምፅ ብልጫ መቀበል ይኖርባቸዋል። ይህ በአንድ የምርጫ ዘመን የሚያልቅ ነገር አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ከማቅረባቸው በፊት ያለውን ሂደት ግን በተራ አዋጅ ማጥበቅ ይቻላል። የ2011ዱ አዋጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። የመልማይ ኮሚቴው አባላት ከሃይማኖት ተቋማት፣ ከሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ ከሳይንስ አካዳሚና ከሌሎችም እንዲውጣጡ አዟል፤ ከፖለቲካ ፓርቲዎች ጋር መመካከርንም አስገብቷል። ወደፊት መጨመር ያለበት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከኮሚቴው ዝርዝር ውጪ እንዳያቀርቡ የሚያስር ቃልና ክፍት ቦታ የሚሞላበት ቀነ ገደብ ነው። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በሰኔ 2015 በጤና ምክንያት ሲለቁ፣ ወይዘሮ ሜላትወርቅ ኃይሉ በሰብሳቢነት እስኪሾሙ ድረስ ወራት አልፈዋል። ያ ጊዜ ምርጫ የተቃረበበት ቢሆን ኖሮስ?

ለማነጻጸር ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። ዕጩዎችን የሚለየውን ቡድን የሚመራው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው፤ ከእርሱ ጋር የሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ የሥርዓተ ፆታ እኩልነት ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ይቀመጣሉ። የተለየ የምርጫ ፍርድ ቤትም አላቸው። በአንጻሩ በሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ዋናው ዳኛ በመራጭ ኮሚቴው ውስጥ ይግባ ብሎ ወስኖ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ፓርላማው ሕግ አውጥቶ ዳኛውን በሚኒስትር ተካው። በሕግ የተሰጠ በሕግ ይወሰዳል።


የመናኸሪያዋ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ አዋጅ ቁጥር አልቆጥርም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ስለ ፓርላማ ምርጫ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ሪፈረንደም ትጽፋላችሁ። የክፍለ ከተማና የቀበሌ ምክር ቤት መርጬ የማውቀው መቼ ነው? ሁለተኛ ልጄ ያኔ ሕፃን ነበር፤ አሁን ቁመቱ ከአባቱ አልፏል። እኔ ጉዳዬ ከአዲስ አበባ ጋር አይደለም። ውኃ ሲጠፋ፣ የጎርፍ ማስወገጃው ሲደፈን፣ የሱቅ ቦታ ሲሸነሸን የምሄደው ታች ነው። ታች የተቀመጠው ሰው ደግሞ ማን እንደመረጠው አላውቅም።


ከታቦር ግርጌ

እትዬ የመናኸሪያዋ፣ ዋናውን ነገር አነሡት። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አራዘመው። ከዚያ በኋላም እንደተራዘመ ቀረ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በ2013 የከተማ ምክር ቤታቸውን መርጠዋል፤ እኛ ሐዋሳዎች ግን በዚያ መልክ አልመረጥንም። የቦርዱ ሥልጣን ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ቦርዱ የጊዜ ሰሌዳ ያወጣል፤ የማራዘሙን ውሳኔ የሚሰጠው ግን ሌላ አካል ነው። ማራዘሚያው ገደብ እንዲኖረው፣ ከዚያ ካለፈ ቦርዱ በራሱ ቀን ቆርጦ እንዲያካሂድ የሚያስችል ቃል በሕጉ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ልጅዎ ቁመቱ ሳይደርስ በመረጡ ነበር።

ለነገሩ ይህም ወደ እኔ ነጥብ ይመልሰኛል። የአካባቢ ምርጫ ማለት በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ዕጩ ማለት ነው። ቋሚ እግር የሌለው ቦርድ ይህን በምን ይሸከመዋል?


ሻፌታ

ስሜን አይታችሁ ከየት ወገን እንደሆንኩ ገምታችሁ ይሆናል። ሕዳር 10 ቀን 2012 በሪፈረንደሙ የክልልነት ምልክት የነበረውን ሻፌታን መርጠን እኛ ሲዳማዎች ክልል ሆነናል፤ 98.51 በመቶ። ለዚያ ቀን ቦርዱን አመሰግናለሁ። ግን ወደዚያ ቀን የደረስንበትን መንገድ አትርሱ። ጥያቄያችን የቀረበው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 አንድ ዓመት ይላል። 11/11/11 መጣ፤ ሪፈረንደም የለም። በዚያ ሳምንት ሐዋሳና አካባቢዋ ምን እንዳዩ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

ስለዚህ ሐሳቤ ከእናንተ ይለያል። ለምን እያንዳንዱ ክልል የራሱ ምርጫ ኮሚሽን አይኖረውም? ፌዴራሊዝም ነው የምንለው። የሲዳማን ቀበሌ ምርጫ ቀን አዲስ አበባ ለምን ይቆርጠዋል? ሰኔ 14 ቀን 2013 በእኛ ክልል የድምፅ መስጫ ወረቀት አንሶ ድምፅ አሰጣጡ ወደ ማግስቱ ተሻግሯል። ሁሉን ነገር ከአንድ ማእከል ቆጥሮ የሚልክ ተቋም ስንት ወረቀት የት እንደሚያስፈልግ እንዴት ሊያውቅ ይችላል?


አሞራ ገደል

ወንድሜ ሻፌታ፣ ክልሉ ያቋቋመው ኮሚሽን ወረቀት አያንሰውም፤ ይህንንስ አምንልሃለሁ። ውጤቱም ሳይቆጠር ይደርስ ነበር።


አወያይ

አሞራ ገደል፣ ቀልዱ ይቅር፤ ሐሳቡን በሐሳብ መልሱ። ከ2011ዱ ሐዘን ጋር በተያያዘም ወገን እየለየ የሚጽፍ ሰው አስተያየቱ ይነሣል።


የሕግ ሰው

የሻፌታ ጥያቄ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም፤ ሦስት ነገር ተቀላቅሎበታል።

የመጀመሪያው የሪፈረንደሙ መዘግየት ነው። አንቀጽ 47ን ስናነበው ጥያቄው የደረሰው የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሪፈረንደም እንዲያደራጅ ያዛል። የማደራጀት ግዴታው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ የማስፈጸም ሥራው ደግሞ የቦርዱ ሆኗል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ቀኑ አለፈ። ቦርዱ በዚያ ጊዜ በአዲሱ አዋጅ እንደገና ከተቋቋመ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። ክልሉ ጥያቄውን ለቦርዱ በስንት ቀን ውስጥ ያስተላልፍ፣ ወጪውን ማን ይሸፍን፣ ጸጥታውን ማን ይያዝ፣ ከሪፈረንደሙ በኋላ የንብረት ክፍፍልና የሌሎች ነዋሪዎች መብት እንዴት ይሁን፤ ይህ ሁሉ አስቀድሞ በሕግ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በየጊዜው በድርድር አይሠራም ነበር። ከሲዳማ በኋላ መስከረም 20 ቀን 2014 የደቡብ ምዕራብ፣ ጥር 29 ቀን 2015 ደግሞ የስድስት ዞኖችና የአምስት ልዩ ወረዳዎች ሪፈረንደም ተካሂዷል። ከሐዋሳ ይተዳደር የነበረው አንዱ የደቡብ ክልል አራት ሆኗል። ይህን ያህል ክልል የወለደ ሥራ ዝርዝር ሕግ ይገባዋል።

ሁለተኛው የክልል ኮሚሽን ነው። አንቀጽ 102 ቦርዱ በፌዴራልና በክልል የምርጫ ክልሎች ምርጫ እንደሚያካሂድ ይናገራል። ለክልል ምክር ቤት የሚደረግ ምርጫ እንግዲህ የብሔራዊው ቦርድ ነው። በጳጉሜን 2012 ትግራይ በራሷ ኮሚሽን ያካሄደችውን ምርጫ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዳልተደረገ የቆጠረውም በዚህ መነሻ ነበር። የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ግን በአንቀጹ ውስጥ በስም አልተጠራም። እዚህ ላይ ለክርክር ቦታ አለ። ሕንድ የፓርላማና የግዛት ምክር ቤት ምርጫውን ለብሔራዊ ኮሚሽኗ ሰጥታ የመንደርና የከተማ አስተዳደር ምርጫውን በየግዛቱ ላለ የተለየ ኮሚሽን ትታለች። ስለዚህ የሻፌታ ሐሳብ ለአካባቢ ምርጫ ብቻ ቢጠብ የሕግ በር ሙሉ በሙሉ አልተዘጋበትም።

ሦስተኛው እምነት ነው። ስለ እርሱ ሕግ አልጠቅስም።


ጡረተኛው መምህር

የሕግ ሰው የዘለለውን እኔ ልናገረው። የክልል ምክር ቤቱ መቀመጫ በሙሉ ወይም በሙሉ በሚባል ደረጃ የአንድ ፓርቲ ሲሆን፣ ያ ምክር ቤት የሚሾመው ኮሚሽን ምን ዓይነት ሊሆን ነው? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምን ያቀርባሉ ብዬ ስከራከር ቆይቼ ርእሰ መስተዳድሩ ያቅርቡ ብል ማን ይሰማኛል። አዲስ አበባ ያለው ቦርድ ቢያንስ የውጭ ታዛቢ ያየዋል፣ ጋዜጣ ያየዋል፣ ፓርቲዎች በሩ ላይ ይቆማሉ። ክልል ላይ ይህ ሁሉ ይሳሳል።


የፓርቲ ወኪል

በ2013 የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ወኪል ሆኜ ምርጫ ጣቢያ ውያለሁ። ስለ ቦርዱ ብዙ ክፉ ይወራል፤ እኔ ግን በማየው ላይ ልናገር። የጣቢያው አስፈጻሚዎች ወጣቶች ነበሩ፣ ትሁቶች ነበሩ። ሣጥኑ ባዶ መሆኑን አሳዩን፤ የማሸጊያውን ቁጥር መዘገብን። ድምፅ መስጫው በመላ አገሪቱ በሦስት ሰዓት ሲራዘም ሻይ ያመጡልን እነርሱ ናቸው። ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ ፎቶ አነሣሁት።

ችግሬ ከዚያ በኋላ ነው። ቅሬታ ነበረኝ፤ የሚሞላው ቅጽ ነበረ፤ የጣቢያው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ተቀመጠ። ማን ናቸው? የጣቢያው ኃላፊና ባልደረቦቹ። የተከሰሰውና የሚፈርደው አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ። ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ ቅጹን ሞላ፤ ውድቅ ተደርጓል ብሎ ጻፈ፤ እስኪርቢቶውን መልሶ ኪሱ ሲያደርግ አላየኝም። ወደ ምርጫ ክልል ሄድኩ፣ እዚያም የእርሱ አለቆች ናቸው። ቦርዱ ዘንድ ስደርስ ያው ቦርድ ነው። ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በየደረጃው ያለው ጊዜ ደግሞ በሰዓት ነው የሚቆጠረው። ገንዘብ የሌለው ዕጩ ጠበቃ ሳይዝ ቀኑ ያልፍበታል።

ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የባልደራስ እስረኛ ዕጩዎች ጉዳይ በሰበር ሰሚ ችሎት ተወስኖ ቦርዱ እንዲመዘግባቸው ታዟል፤ መዝግቧልም። ግን ያ የታወቀ ፓርቲ፣ የታወቁ ሰዎች፣ ከተማውም አዲስ አበባ ነው። ለቱላ ወይም ለአለታ ወንዶ ዕጩ ማን ይቆምለታል? እኔ የምፈልገው ማሻሻያ ይህ ነው። ቅሬታ የሚሰማው አካል ከሚያስፈጽመው ይለይ። በምርጫ ሰሞን ብቻ የሚቀመጡ፣ ከፍርድ ቤት በውሰት የሚመጡ ዳኞች በየአካባቢው ይኑሩ።


ወንጂ ማዶ

ከአዳማ ነኝ፤ ሐዋሳዎች ትፈቅዱልኛላችሁ ብዬ ነው። በእኛም ከተማ ያለው ወሬ ከእናንተ አይለይም።

ማንም ያላነሣው አንድ ነገር አለ። ቦርዱ የሚይዘው ሥራ በዛበት። ምርጫ ያስፈጽማል፣ ሪፈረንደም ያስፈጽማል፣ የመራጮች ትምህርት ይሰጣል፣ ታዛቢዎችን ይፈቅዳል፣ በዚያ ላይ ፓርቲዎችን ይመዘግባል፣ ጠቅላላ ጉባኤያቸውን ይከታተላል፣ ይሰርዛል። ሕወሓትን ተመልከቱ። በጥር 2013 ተሰረዘ፤ በ2016 በተሻሻለው ሕግ መሠረት በልዩ ሁኔታ ተመዘገበ፤ ጠቅላላ ጉባኤ አላደረገም ተብሎ በግንቦት 2017 እንደገና ተሰረዘ። ስለ ውሳኔው ትክክልነት አይደለም የማወራው፤ ፓርቲውም የራሱ ክርክር አለው፣ ቦርዱም ሕጉን ይጠቅሳል። የማወራው ይህን የመሰለ የአገር ትኩሳት ያለበትን ፋይል የሚይዘው ነገ የሁሉንም ድምፅ የሚቆጥረው ተቋም መሆኑ ነው። የተሰረዘው ወገን ቆጠራውንም አያምንም።

ኬንያ ይህን ለይታዋለች። የፓርቲዎች መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ለብቻው ነው፤ የፓርቲዎች ክርክር የሚታይበት ጉባኤም አለ። ምርጫ ኮሚሽኑ ምርጫውን ይሠራል።


አሞራ ገደል

ኬንያን ባትጠቅስ ይሻልህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሬዚዳንት ምርጫው በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው የት ነው? በ2022 ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ በአደባባይ ወጥተው ውጤቱን አናውቀውም ያሉትስ?


ወንጂ ማዶ

የጠቀስከው የእኔን ነገር ያጠናክራል። ምርጫ ተሽሮ አገር አልፈረሰም፤ ዳኞቹ ሻሩ፣ እንደገና ተመረጠ። አራቱ ኮሚሽነሮች አፍ አውጥተው መናገራቸውም በእኔ ዘንድ ነውር አይደለም። በአገራችን አንድ የቦርድ አባል በድምፅ ልዩነት ተለይቶ ያስመዘገበውን ሐሳብ አንብበን እናውቃለን? አባላቱ በምን ላይ እንደተለያዩ ቃለ ጉባኤያቸው ይታተም። ይህ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ለአሞራ ገደልም ደስ ይለዋል።


አሞራ ገደል

ይህስ ደስ አለኝ።


ከታቦር ግርጌ

ብዙ ተባለ፤ የማልስማማበትን ብቻ ላንሣ።

መምህር፣ የላይኛውን ጉዳይ ያቃለልኩ መስሎ ከታየዎት ይቅርታ ይደረግልኝ። የ1997ቱ አደረጃጀት ነውር እንደነበረ ማን ይክዳል። እኔ የምለው ላይኛው ቢጠራም ታችኛው ካልተነካ ጥራቱ ታች አይወርድም ነው። ወላይታን ይመልከቱ። ጥር 29 ቀን 2015 በተደረገው ሪፈረንደም የወላይታ ዞንን ውጤት ቦርዱ ራሱ በተገኘው የሕግ ጥሰት ሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና አካሂዷል። ላይ ያሉት ሰዎች ደፍረው ሰረዙ፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ግን የመጀመሪያው ለምን ተበላሸ? ሥራው የተሠራው ምርጫ ጣቢያ ላይ ነው፤ የተበላሸውም እዚያው ነው። ቦርዱ ካለቀ በኋላ የመሰረዝ ጉልበት አለው፤ ሲበላሽ ደርሶ የማስቆም እግር ግን የለውም። የሁለተኛውን ዙር ወጪ አስቡት፤ ቋሚ ቢሮ ውድ ነው ለሚለው አሞራ ገደል መልሱ ይኸው ነው።

ወኪሉ ያነሣው ቅሬታ ሰሚ አካል ጉዳይ ከሁሉም በላይ ነክቶኛል። በዚያ ጠረጴዛ ማዶ ከተቀመጡት አንዱ እኔም ነበርኩና፣ ኃላፊው ለምን እንዳላየህ ይገባኛል። ከአንተ ወገን ቢፈርድ በራሱ ላይ ነው የሚፈርደው። የአስፈጻሚ አበል ለማግኘት የመጣን ወጣት ዳኛም ሁን ማለት ግፍ ነው። ለእርሱም ጭምር ነው የሚለይለት።

የሻፌታን የክልል ኮሚሽን ግን አልቀበልም፤ መምህር በተናገሩት ምክንያት። የቀን አቆራረጡ ላይ ግን አብሬህ ነኝ። አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ የአካባቢ ምርጫን ቀን በፈቀደው ጊዜ የሚገፋ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም።


ሻፌታ

ቀኑን ከተስማማን ግማሽ መንገድ ደርሰናል። ኮሚሽኑን ለጊዜው አስቀመጥኩት፤ አልጣልኩትም። ግን ያንተ ቋሚ ቢሮ ሲዳምኛ የሚናገር፣ ቅጹንም በሲዳምኛ የሚሞላ ሠራተኛ ከሌለው ለገጠሩ ሰው ከወረዳው ቢሮ በምን ይሻላል?


የሕግ ሰው

ለሁሉም የሚሆን አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። አሁን ባለው ሕግ የመንግሥት አካላት ከቦርዱ ጋር የመተባበር ግዴታ አለባቸው። ግዴታው ግን ቀንም ዋጋም የለውም። ክልሉ ቢሮ ሳያቀርብ ቢቀር የሚሆነው ቢበዛ ጋዜጣዊ መግለጫ ነው። አዋጁ ሲሻሻል እንዲህ ቢባል ምን ይመስላችኋል፤ ክልሉ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት እስከ ተቆረጠ ጊዜ ከአስተዳደር ሕንፃ ውጪ የሆነ ቤትና ተሽከርካሪ ካላቀረበ ቦርዱ በራሱ ተከራይቶ ሂሳቡ ከክልሉ የፌዴራል ድጎማ በጀት ላይ ይቀነስ። ቋሚ ቢሮ ለመክፈት ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ይህ መሸጋገሪያ ይሆናል። ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልገውም። የሲዳምኛው ጉዳይ ደግሞ በቦርዱ የሠራተኛ ቅጥር መመሪያ የሚያልቅ ነው፤ አዋጅም አይፈልግም።


ጡረተኛው መምህር

ከድጎማው ቢቀነስ የሚጎዳው የጤና ጣቢያው መድኃኒትና የመምህሩ ደመወዝ ነው፤ አስተዳዳሪው አይደለም። ከክልሉ ምክር ቤት የሥራ ማስኬጃ ይቀነስ ብትል እሺ እላለሁ።


የሕግ ሰው

ይህ ይሻላል መምህር። እንደዚያ ይጻፍ።


የመናኸሪያዋ

አንድ ነገር ቀራችሁ። ከግለሰብ ቤት ተከራዩ ትላላችሁ። እኔ ከሱቄ በላይ ሁለት ክፍል አለኝ፤ ለቦርዱ ላከራይ እችላለሁ። ግን የንግድ ፈቃዴን በየዓመቱ የሚያድሰው ማን ነው? ግብር የሚቆርጠው ማን ነው? የቤቴን ካርታስ የያዘው? በምርጫ ሰሞን አንድ ሰው መጥቶ እትዬ ይህን ቤት ለሌላ ብትሰጪው ይሻላል ቢለኝ እኔ ከማን ጋር ልሟገት ነው?


ከታቦር ግርጌ

እትዬ፣ ውሉ ምርጫው ሊደርስ ሲል ከተፈረመ እንዳሉት ነው፤ ማንም አከራይ አይደፍርም። ምርጫ ባለፈ ማግስት፣ ማንም ዞር ብሎ በማያይበት ጊዜ፣ ለአምስት ዓመት ተፈርሞ ኪራዩ በየዓመቱ ቀድሞ የሚከፈል ከሆነስ? ያን ጊዜ ሁለቱን ክፍሎች ይሰጡናል?


የመናኸሪያዋ

ቀድሞ ከተከፈለ እንነጋገራለን። መጀመሪያ ግን የቀበሌውን ምርጫ ቀን አምጡልኝ።